«ሁለት ቀን ጠብቂ» ያለችኝን ሐኪም ልስማ ወይስ ባለቤቴን?

ውድ አማካሪ፣

የ27 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ወደ ሥራ ስመለስ የሕፃናት ማቆያ አስገባሁት፤ አሁን ሰባት ወር ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ከጉንፋን ተለይቶ አያውቅም። ባለፉት ስድስት ወራት ደግሞ ልጄ ጆሮውን ሦስት ጊዜ ታመመብኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ታዞለት ተሻለው። በሦስተኛው ግን ሐኪሟ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በመሣሪያ ካየች በኋላ የታመመው ቀኙ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ትኩሳቱ 38.3 ነበር። «የሕመም ማስታገሻ ስጪው፤ ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ካልተሻለው ተመለሺ» ብላ አሰናበተችን።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ልጅ በሕመም እየጮኸ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ የሚል ሕክምና ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። በሁለተኛው ሌሊት ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ፣ ከሁለት ወር በፊት የተረፈውን ሽሮፕ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሰጠው። የቀረው ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ልጁ ተሻለው። አሁን ነገሩ በተነሣ ቁጥር «በአንቺ ቢሆን ኖሮ ልጄ ይሰቃይ ነበር» ይለኛል። መልስ የለኝም። ለሐኪሟም ስላፈርኩ ሽሮፑን እንደሰጠነው አልነገርኳትም።

አማቴ በበኩላቸው ሥራዬን እንድለቅ ይመክሩኛል። «ሕመሙን የሚሸከመው ከማቆያው ነው» ይላሉ። ሞቅ ያለ ዘይት በጆሮው ጠብ እንዳደርግለትም ነግረውኝ ነበር፤ ፈርቼ ተውኩት። አፍንጫው ሁልጊዜ አረንጓዴ ንፍጥ ስለማያጣው ሳይነስ ይሆናል ያሉኝም አሉ። ሰሞኑን ደግሞ እልኸኛ ሆኗል፤ ስጠራው ዞር ብሎ እንኳን አያየኝም፤ እንደ እኩዮቹም ብዙ አያወራም። ሲያድግ ይተወዋል ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ማንን ልስማ? ሥራዬንስ ልተው?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ

እህቴ፣ በዚያች ሌሊት እቤታችሁ ውስጥ ልጁን የበደለ ሰው አልነበረም። አንቺ ሐኪሟ ያለችሽን ለመፈጸም ስትታገይ፣ ባለቤትሽ ደግሞ የልጁን ጩኸት መቻል አቃተው። የሁለታችሁም ጭንቀት ከአንድ ፍቅር የመጣ ነው። የሚያሳዝነኝ፣ ልጁ ከተሻለው በኋላም «ማን ልክ ነበር» የሚለው ክርክር እናንተው ጋር መቅረቱ ነው። ልጆች ደግሞ እንደገና ይታመማሉ። ክርክሩ ሳይፈታ ሌላ እንዲህ ያለ ሌሊት ቢመጣ፣ ያኔም የምትወስኑት በድካምና በቁጣ ይሆናል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሽሮፑ ነው ያዳነው? ይህን በእርግጠኝነት ሊነግራችሁ የሚችል ሰው የለም። የሚታወቀው ግን ይህ ነው፦ የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን የያዛቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ አንቲባዮቲክም (አሞክሲሲሊንም አንዱ ነው) ሕመማቸው በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ይበርድላቸዋል። የእናንተም ልጅ የተሻለው በዚሁ ጊዜ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሕመምን በመቀነስ ረገድ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። በዚያ ላይ በውሃ የተበጠበጠ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ በማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ከ14 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ የሁለት ወሩ ጠርሙስ ኃይሉ ምን ያህል እንደቀረ ማንም አያውቅም። መጠኑም በልጁ ክብደት የሚሰላ ነው፤ ልጅሽ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ክብደት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፍልሽ ለባለቤትሽ ማሸነፊያ እንዲሆንሽ አይደለም። እሱ ያየው መድኃኒት መስጠቱንና ልጁ በማግሥቱ መሳቁን ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ መድኃኒቱ አዳነው ብሎ ማመኑን ማንም አባት ያደርገዋል።

ሐኪሟ የነገረችሽም የቸልተኝነት ቃል አልነበረም። ልጅሽ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የታመመው አንድ ጆሮው ነው፣ ትኩሳቱ ከ39 በታች ነው፣ ከጆሮው የሚፈስ ነገርም አልነበረም። እነዚህ ሲገጣጠሙ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በክትትል መጠበቅ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች የሚከተሉት የታወቀ የሕክምና መንገድ ነው። ልጁ ከስድስት ወር በታች ቢሆን፣ ወይም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ጆሮዎቹ ቢታመሙ፣ ትኩሳቱ 39 ቢደርስ፣ ሕመሙ ቢጠና ወይም መግል ቢፈስ ኖሮ ያኔውኑ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለት ነበር። ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች አንዳንዶቹ ከቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርጋቸውም። መድኃኒቱ ደግሞ ያለ ዋጋ አይመጣም። ተቅማጥና ሽፍታ ያስከትላል፤ ሳያስፈልግ በተደጋገመ ቁጥርም በልጁ አፍንጫ ውስጥ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ቦታ ያገኛሉ። በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ የሚያደርገው ይህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የሕመም ማስታገሻውን በምን ያህል መጠን፣ በስንት ሰዓት ልዩነት ነበር የምትሰጪው? የምጠይቅሽ ብዙ ወላጆች መድኃኒት ላለማብዛት ብለው ከሚገባው በታች ስለሚሰጡ ወይም ልጁ እስኪያለቅስ ስለሚጠብቁ ነው። ያን ጊዜ «ጠብቂ» የተባለው ምክር ለልጁ ባዶ ስቃይ ይሆንበታል። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ማለት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ፣ ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት ይሰጣል። ጠርሙሶች ኃይላቸው ስለሚለያይ ስንት ሚሊሊትር እንደሚሆን ፋርማሲስቱ በጠርሙሱ ላይ ይጻፍልሽ፤ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን አብሮ በሚመጣው መለኪያ ስጪው። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን አይቡፕሮፌንም አማራጭ ነው። አስፕሪን ግን ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። የጆሮ ሕመም ጋደም ሲሉ ስለሚበረታ ሌሊቱ ከቀኑ ይከብዳል፤ ከመኝታ በፊት ያለው መጠን እንዳያመልጥሽ። ደረትሽ ላይ ቀና አድርገሽ ብትይዢውም ቀለል ይለዋል።

መጠበቅ የሚያበቃበትን ምልክትም ቀድማችሁ ለዩ። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ ወይም ከቀላ፣ ጆሮው ወደ ውጭ የተገፋ ከመሰለ፣ በዓይኑ ዙሪያ እብጠት ካየሽ፣ አንገቱን ማጠፍ ካቃተው፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተዛባ፣ ወይም ድብርት ተጭኖት አልነቃ ካለሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት የሚኬድበት ሰዓት ነው። መግል ከፈሰሰና ሕመሙ ድንገት ካቆመ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ይሆናል። ያስደነግጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ያም ሆኖ በማግሥቱ መታየት አለበት፤ ውሃም እንዳይገባበት መጠበቅ ነው። ዘይቱን በመፍራትሽ ደስ ብሎኛል። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጠብ የተደረገው ሁሉ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል።

ለባለቤትሽ ልትነግሪው የምትችይው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ልጁ ደህና በሆነበትና ሁላችሁም እንቅልፍ በጠገባችሁበት ቀን። «ያን ሌሊት ልጃችን ሲያለቅስ ምን ተሰማህ?» ብለሽ ጀምሪ፤ መልሱንም ሳታቋርጪ ስሚው። በቁጣው ሥር ምናልባት ፍርሃት አለ፤ ምናልባትም ሐኪሟ ስትናገር እሱ እዚያ አለመኖሩ። እኔ ብሆን በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮ እንዲመጣ እለምነው ነበር። «ጠብቁ» የሚለው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲሰማና ከሐኪም ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ እኩል አይደለም። ለእሱ ቀላል የሚሆን ሌላም መንገድ አለ። የመድኃኒቱን ማዘዣ አሁኑኑ ጽፈው «በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ገዝታችሁ ጀምሩ» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ጠይቁ። ማዘዣው በኪሱ ካለ የባለቤትሽ ሌሊት የተለየ ይሆናል። በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ትርፍ ሽሮፕ ካለ ግን ዛሬውኑ ይወገድ።

አሁን በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ወዳለፍሽው ነገር ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጅሽ ስትጠሪው ዞር አይልም፣ ብዙም አያወራም ብለሻል። እልኸኛ ሆኗል ብለሽ ተረጎምሽው። ላይሰማሽ ይችላል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?

በመካከለኛው ጆሮና በአፍንጫ ኋላ መካከል ኢዩስታኪያን የሚባል ቀጭን ቱቦ አለ። በጆሮ ውስጥ ያለውን አየር የሚያስተካክለውና ፈሳሽ የሚያስወጣው እሱ ነው። በሕፃናት ቱቦው ከአዋቂዎች በጣም ያጥራል፣ ይጠባል፣ ወደ አግድም የተኛም ነው፤ ስለዚህ ጉንፋን ሲያሳብጠው በቀላሉ ይዘጋል። ከኢንፌክሽኑ በኋላ ሕመሙና ትኩሳቱ ሄደው ፈሳሹ ከታምቡሩ ጀርባ ይቀራል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። ልጁ አያመውም፣ አያተኩሰውም፤ ይጫወታል፣ ይበላል። የሚለየው ነገር ድምፅ የሚደርሰው ታፍኖ መሆኑ ነው፤ ሁለቱንም ጆሮሽን በጣትሽ ደፍነሽ ሰው ሲያናግርሽ እንደምትሰሚው ያህል። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ራሱ ይደርቃል። ነገር ግን ኢንፌክሽኑ በየሁለት ወሩ ከተመላለሰ ጆሮው የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። ልጅሽ ደግሞ ቋንቋን ከአካባቢው ድምፅ እየለቀመ በሚሠራበት ዕድሜ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት ሁለት ዓመት አካባቢ ሁለት ቃላትን ማጋጠም ይጀምራሉ፤ «ውሃ ስጪኝ»፣ «አባ መጣ» እንደሚሉት። እሱስ?

እቤት ውስጥ ልትታዘቢው የምትችይው ብዙ ነገር አለ። ፊትሽን ሳያይ፣ ከኋላው ሆነሽ በዝግታ ስትጠሪው ይዞራል? ጮክ ስትይ ብቻ ነው የሚዞረው? ቴሌቪዥን ለማየት ጠጋ ይላል? ማቆያው ውስጥ ያለችው ሞግዚትስ ምን ትላለች? በጫጫታ መካከል አብሯት የሚውለው ልጅ ሲጠራ እንደማይሰማ ከአንቺ ቀድማ አስተውላ ይሆናል፤ ጠይቂያት። ያየሽውን በማስታወሻ ጻፊው። የቤት ምልከታ ግን ምርመራን አይተካም። ሁሉም በጎ ቢመስልሽ እንኳን ንግግሩ የዘገየ ልጅ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። የንግግር መዘግየት ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ መንስኤውን ለመለየት ግን መጀመሪያ ጆሮው መታየት አለበት።

ስለ ምርመራው አትጨነቂ፤ አያምም። በአንደኛው ዓይነት ለስላሳ ጫፍ ያለው መሣሪያ በጆሮው ቀዳዳ ይደረግና የአየሩ ግፊት በጥቂቱ እየተቀያየረ ታምቡሩ በደንብ መንቀሳቀሱ ይለካል። ከጀርባው ፈሳሽ ካለ አይንቀሳቀስም። በሰከንዶች ያልቃል። በሌላው ደግሞ ልጁ ጭንሽ ላይ እንደተቀመጠ ድምፅ ይሰማና ወደ ድምፁ ሲዞር መጫወቻ ይበራለታል። ሐኪሟ ወደ አንገት በላይ ሐኪም እንድትልክሽ ጠይቂያት። በስድስት ወር ሦስት ጊዜ መታመሙ ብቻውን ለዚህ በቂ ምክንያት ነው።

የአንገት በላይ ሐኪሙ ስለ ቱቦ ሊያነሣ ስለሚችል ቀድመሽ እወቂው። ፈሳሹ ከሦስት ወር በላይ ከቆየና የልጁን መስማት ከቀነሰው፣ ልጁ እንዲተኛ ተደርጎ በታምቡሩ ላይ በጣም ትንሽ ቱቦ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ቱቦው አየር እያስገባ ጆሮውን ያደርቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይወድቃል። ፈሳሽ ከሌለና ጥያቄው የኢንፌክሽኑ መደጋገም ብቻ ከሆነ ግን መቸኮል አያስፈልግም። «ብንጠብቅ ምን እናጣለን? ብናስገባስ ምን እናገኛለን?» ብላችሁ ሁለታችሁም ጠይቁ። ልጁ ባደገ ቁጥር ኢዩስታኪያን ያልኩሽ የራሱ የጆሮ ቱቦም እየረዘመና ዘንበል እያለ ስለሚሄድ ብዙዎቹ ሲያድጉ ከዚህ ችግር ይወጣሉ።

ሳይነስን በተመለከተ፣ የንፍጥ ቀለም አያስደንግጥሽ። በተራ ጉንፋንም ከጥቂት ቀናት በኋላ ንፍጡ ብዙ ጊዜ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጉንፋን መያዝ የተለመደ ስለሆነ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሲጀምር ዓመቱን ሙሉ አንድ ሕመም ይመስላል። ልብ በይ፤ በመካከሉ አፍንጫው የሚደርቅባቸው ቀናት አሉ? ካሉ ተከታታይ ጉንፋኖች ናቸው። ሳይነስ የሚጠረጠረው ንፍጡ ወይም የቀን ሳሉ ምንም ሳይቀንስ ከ10 ቀን ሲያልፍ፣ ወይም ሊሻለው ሲል እንደገና ሲያገረሽበት፣ ወይም 39 የሚደርስ ትኩሳትና መግል መሰል ንፍጥ ለሦስት ተከታታይ ቀናት አብረው ሲታዩ ነው። እስከዚያው የጨው ውሃ ጠብታ ይበቃዋል፤ አፍንጫ ይከፍታሉ የሚባሉት የጉንፋን ሽሮፖች ለዚህ ዕድሜ ጥቅማቸው ስላልታየ ጉዳታቸው ያመዝናል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ሲተኛ ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል? ከሆነ ከአፍንጫው ኋላ ያለው አዴኖይድ የሚባለው እጢ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሟ ንገሪያት።

ሥራሽን ስለመልቀቅ እውነቱን ልንገርሽ። አማትሽ ያሉት ነገር ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። ብዙ ሕፃናት በሚውሉበት ቦታ ጉንፋን ይበዛል፤ ጉንፋን ሲበዛም የጆሮ ሕመም ይበዛል። ከዚህ ተነሥቶ ግን «አንቺ ነሽ ያሳመምሽው» ወደሚለው መሄድ ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ ልጅ ማቆያ ባይገባ እንኳን ትምህርት ቤት ሲገባ እነዚያኑ ጉንፋኖች ያገኛቸዋል። ሥራሽ ለአንቺ ምንድን ነው? መተዳደሪያችሁ ነው? የምትወጂው ነው? ከልጁ ሕመም ጋር ሳይገናኝ ብትጠየቂ ትለቂው ነበር? ለእነዚህ መልስ ሳታገኚ፣ በእንቅልፍ እጦትና በወቀሳ መካከል ሆነሽ ማመልከቻ እንዳትጽፊ እለምንሻለሁ። በመካከል ያሉ ነገሮችም አሉ። ጥቂት ልጆች ያሉበት ማቆያ ማግኘት ይቻላል? ባለቤትሽ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ሊይዘው ይችላል? አማትሽስ እንዲህ ካሳሰባቸው፣ ለጥቂት ሳምንታት ልጁን ቢያውሉልሽ ፈቃደኛ ይሆኑ? ምክራቸውን ወደ እገዛ ብትለውጪው ቅርርባችሁም የሚሻሻል ይመስለኛል።

ከሥራሽ ይልቅ በእጃችሁ ያሉ ቀላል ነገሮች አሉ። እቤት ውስጥም ሆነ መኪና ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ይህ በቀጥታ የጆሮ ሕመምን ያበዛል። ልጁ አሁንም በጡጦ የሚጠጣ ከሆነ ቀና ብሎ ይጠጣ፤ ጡጦ ይዞ መተኛቱ ይቅር። የጎማ ጡት እየጠባ የሚተኛ ከሆነም ቀስ በቀስ ቢተው መልካም ነው። የክትባት ካርዱን አውጥተሽ የሳንባ ምች መከላከያ ክትባቱ መሟላቱን አረጋግጪ፤ ያ ክትባት የጆሮ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት ዋነኛ ባክቴሪያዎች አንዱን ይከላከላል። የእጅ መታጠብን ለማቆያው ማስታወስም አያሳፍርም።

በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ። ልጁ ደህና ቢመስልም ያዢ፤ ፈሳሹ የሚታየው ጆሮው ሲመረመር ነውና። በወረቀት ላይ ሦስቱን ሕመሞች ከነቀናቸው፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ለስንት ቀን እንደወሰደው፣ የሚናገራቸውን ቃላት ሁሉ ጻፊ። የማቀዝቀዣውን ሽሮፕም አብረሽ ጻፊው። «በሁለተኛው ሌሊት የተረፈ አሞክሲሲሊን ለሁለት ቀን ሰጥተነዋል» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያት። ሐኪሞች ይህን ከብዙ ወላጆች ይሰማሉ፤ ለእሷ የሚጠቅማት ቀጥሎ የምታዘውን መድኃኒት ለመምረጥ ነው። ለመናገር ከከበደሽ ወረቀቱን ስጫት፤ ራሷ ታነበዋለች።